አያ ላቀው በመነጽሩ አላይም ያሉበት ምክንያት

«ያንን ባለ ሦስት እግር ነገር አንሣው።»

አያ ላቀው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም... ግን ምንሽራቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።

ከኋላቸው የመንደሩ ሰው ዱላውን ይዞ ቆሟል።

ጊዜው ጥር 2004 ዓ.ም.፣ ቦታው ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ ረግረግ ነው።

«አያ ላቀው፣ እኛ ወፍ ልናይ ነው የመጣነው» አለ ከደባርቅ የመጣው አስጎብኚ ፀጋው።

«ወፍ?»

«አዎ፣ የውሃ ወፍ። ይኼም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ነው።»

«ወፍ ለማየት ዓይን አይበቃም?»

እውነት ለመናገር... እኔም ብሆን አላምነውም ነበር።

ፀጋው ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆችና ከአዲስ አበባ የመጣች ሊድያ የምትባል ዝምተኛ ሴት ይዟል። ፈረንጆቹ አገራቸው ብርዱ ሲጸና ወደኛ የሚሸሹ ወፎችን ፍለጋ በየዓመቱ ይመጣሉ። የዚያን ዓመት የሚፈልጉት ‹ገል› የሚሉትን፣ ደጋ ላይ እምብዛም የማይታይ ነጭ የባሕር ወፍ ነው።

ለመንደሩ ግን የታየው ሌላ ነው።

አምና እንዲሁ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ረግረጉን ለክተው ነበር። ኋላ አንድ ባለሀብት ረግረጉን አድርቆ ሊያርሰው ጠይቋል ተባለ።

በበጋ ሌላው መስክ ሁሉ ሲደርቅ ለከብቶቻቸው ሣር የሚተርፈው እዚያ ብቻ ነው... እሱ ከሄደ በሬ የለም። በሬ ከሌለ እርሻ የለም።

ሊድያ ጠጋ አለች።

«አባቴ፣ መለኪያ አለመሆኑን እርስዎ ራስዎ ይዩት።»

«አላይም።»

«ለምን?»

«አምና ‹ኑ እዩ› አሉን፣ ሄደን አየን። ኋላ ‹ነዋሪው አይቶ ተስማምቷል› ተባለ። እኔ ሁለተኛ አላይም።»

አያችሁ... ሰውዬው ሞኝ አይደሉም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ፈረንጆቹ ፈርተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ይኼኔ የአያ ላቀው ባለቤት እትዬ ዝናሽ ከሰዉ መሃል ወጡ።

«እሱ ካላየ እኔ አያለሁ።»

«ዝናሽ፣ ተይ ብያለሁ።»

«አምና ያየኸው አንተ ነህ... ደግሞ እኔን ትቆጣለህ?»

ሰው ሳቀ።

እትዬ ዝናሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ... ቆዩ።

«እንዴ... ይቺ ናት?»

«ያውቋታል?» አለች ሊድያ።

«እንዴት አላውቃትም። ሙሽራ ሆኜ ስመጣም ዘሯ እዚሁ ነበር። አንዳንድ ዓመት ትቀራለች እንጂ ጥምቀት ሲደርስ ትመጣለች። ከከብቱ እግር ሥር ትል ትለቅማለች፤ ላሞቹም ለምደዋታል።»

ፈረንጆቹ ይህ ሲተረጎምላቸው ከመኪናው ወርደው ሮጡ። አንደኛው ፈረንጅ ወፏን ሲያይ እንባው መጣ።

ለወፍ የሚያለቅስ ሰው መሬት አይቀማም ብለው ነው መሰል፣ ሰዎቹ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሊድያ ግን መጠየቋን አላቆመችም።

«ውሃው ቢደርቅስ ወዴት ትሄዳለች?»

«እሷስ ክንፍ አላት» አሉ እትዬ ዝናሽ። «እኛ ነን መሄጃ የሌለን።»

እንግዶቹ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ግን መንደሩ እንደ አምናው ‹አይተው ተስማምተዋል› ይባላል ብሎ ስለ ፈራ እትዬ ዝናሽን ፊት ነሣቸው። «ባንቺ ዓይን መሬታችን ሄደ» ያላቸውም ነበር። አያ ላቀውም ቤት ውስጥ እንደ ድሮው አይጫወቱም።

ሰኔ ላይ የረግረጉ ውሳኔ የሚነገርበት ስብሰባ ተጠራ።

ሁለቱም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ከፊት የተቀመጠችውን ሴት ሲያዩ ግን ደነገጡ...

ሊድያ ነበረች።

የባለሀብቱን ጥያቄ አጥንታ የውሳኔ ሐሳብ እንድታቀርብ ከመንግሥት የተመደበችው ባለሙያ እሷ ናት። ከወፍ ተመልካቾቹ ጋር ተደባልቃ የመጣችው ሆን ብላ ነው።

«ማንነቴን ብናገር ኖሮ ሁላችሁም የተዘጋጀ መልስ ነበር የምትሰጡኝ» አለች።

«ባለሀብቱ ‹ማንም የማይጠቀምበት ጭቃ ነው› ብሎ ነበር። እትዬ ዝናሽ አይተው የመሰከሩት ሌላ ነው። ሄጄ አጣራሁ፤ እውነታቸውን ነው። ያቀረብኩት ሐሳብ ጸድቋል፤ ረግረጉ አይደርቅም፣ ለማንም አይሰጥም።»

አያ ላቀው መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡ... በረዥሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን... ተመስገን።»

ከጥር ጀምሮ ሰቅዞ ይዟቸው የነበረው ጭንቀት ያኔ ለቀቃቸው። ባለቤታቸውን ቀና ብለው አዩና፣

«ዝናሽ፣ ከእንግዲህ እዩ የሚለን ከመጣ... አንቺ እይልን» አሉ።

ወዳጆቼ... አንዴ የተታለለ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ግን ሊወስድብን መጣ ብለን የምናባርረው እንግዳ ሊያተርፍልን የመጣ ሊሆን ይችላል። ፈርቶ ዓይንን ከመጨፈን፣ አይቶ እውነቱን መናገር ይሻላል።

እናንተ በአያ ላቀው ቦታ ብትሆኑ ታዩ ነበር... ወይስ አላይም ትሉ ነበር?

ኮመንት ላይ እውነቱን ጻፉ። ባለትዳሮች ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት ሚስቶቻችሁን ጠይቁ።