ከበሮ ዝም የሚልበት ቦታ

«አይደለም» አለች ሱሚራህ፣ በግራ እጇ ምንጣፉን መታ አድርጋ።

ባሏ ዋጊማን ሁለቱን መምቻዎች አነሣና እንደገና ጀመረ። አሁንም አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ከበሮ የመታ ሰው ነው፤ በየመንደሩ የጥላ አሻንጉሊት ጨዋታ ሲደገስ ጨዋታውን የሚያስሮጠውም የሚያቆመውም የእሱ መዳፍ ነበር። ዛሬ ግን ገንዴር ከሚባለው የሚስቱ የነሐስ መሣሪያ ፊት እግሩን አጣጥፎ እንደ ፊደል ቆጣሪ ያልበዋል። ከቀርከሃ ቱቦ በላይ የተንጠለጠሉት ዐሥራ አራት ቀጫጭን ነሐሶች ሲመቷቸው እሺ ይላሉ፤ ችግሩ ዝም አለማለታቸው ነው። ቀጣዩን ሲመቱ የፊተኛውን በዚያው እጅ ጠርዝ ማፈን ያስፈልጋል። ዋጊማን መምታት መቼ ቸገረው።

«መትተህ መሄድ ነው የምታውቀው፤ የመታኸውን ዞር ብለህ አታይም» ብላው ነበር የመጀመሪያው ቀን። ያን ጊዜ ስቆ አለፈው።

የሱሚራህ ቀኝ እጅ ያለፈው ክረምት ስትሮክ ከመታት ወዲህ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኗ ላይ ተጋድሟል። የገንዴር አመታቷ ከአያቷ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ እሷ የወረደ የሴቶች አመታት ነው፤ የትም አልተጻፈም። ልጃቸው ራትሚ ሱራባያ ከተማ ጫማ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ገንዴር ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ስለዚህ ዋጊማን ልማር አለ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዋጊማን ቀሚስ ሊለብስ ነው» ብሎ ሣቀበት፤ እሱም አብሮ ሣቀና ተማረ። በአራት ወር ውስጥ ሁሉንም ለማለት ይቻላል ያዘው፤ ሠላሳ ዓመት አጠገቧ ከበሮ ሲመታ ጆሮው ለቅሞት ኖሯል።

አሻንጉሊት አጫዋቹ ኪ ዳርሞ ጠዋት መልእክት ልኳል። የመንደሩ ድግስ ከነገ ወዲያ ነው፤ ደርሳችኋል ወይስ ያንን የሶሎ ከተማውን ወጣት ላምጣ? እስከ ከሰዓት በኋላው አዛን ድረስ ንገሩኝ ይላል። ወጣቱ ጎበዝ ነው፤ ከወረቀት የተማረ፣ የሌላ ቤት አመታት ያለው ልጅ። አንዴ እዚያ ቦታ ላይ ከተቀመጠ የሚያስነሣው እንደማይኖር፣ የሱሚራህ እናት አመታትም በዚያው እንደሚቀር፣ ሁለቱም ያውቁታል።

የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። አጫዋቹ ሲናገር ከበሮውም ቃጭሉም ሁሉም ዝም ይላል፤ ከንግግሩ ሥር ገንዴሯ ብቻዋን ታንጎራጉራለች።

«በጨዋታው እናትየው ልጇን ቀብራ ስትመለስ ያለውን ነው የምልህ» አለችው። «አስታውስ እንጂ። ሠላሳ ዓመት ሰምተኸው!»

ዓይኑን ጨፈነ። ሌላው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን ይመጣለታል፤ ይሄ ግን ምንም። ከራሱ ፈጥሮ መታ።

«አይደለም።»

«እሺ አንቺ ንገሪኛ፣ የራትሚ እናት።»

«አፌ አያውቀውም። እጄ ነበር የሚያውቀው።»

ቢቸግራት ጠጋ ብላ አንዱን መምቻ ተቀበለችውና የግራውን ድርሻ በቀስታ ጀመረች። ይኼኔ የዋጊማን ቀኝ እጅ በገዛ ፈቃዱ ተነሣ፤ ሸሚዙ ኪስ ገባ፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የምትሸተውን ሲጋራውን አውጥቶ ከንፈሩ ላይ ሰካት። ጉልበቱም ሊነሣ ጀምሮ ነበር።

ሱሚራህ መምታቷን አቆመች።

«የለመደች ጦጣ…» አለች። አልጨረሰችውም።

ዋጊማን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከበሮ ዝም ሲል ከበሮ መቺ ምን ሥራ አለው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሷ ማንጎራጎር ሲጀምር ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጥቷል፣ አጭሷል፣ ከሻይ ሻጮቹ ጋር ቀልዷል፤ የከበሮው ተራ ሲደርስ ሮጦ ተመልሷል።

«አልሰማሁትም» አለ። «አንድ ቀንም። ውጪ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ጭስህ ይሸተኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ? ቁጭ ብለህ ስማኝ ልበልህ?» ነሐሱን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ሌላው ሁሉ አንተ በከበሮህ የምትነዳው ነው። የኔ የምለው ይቺን ብቻ ነበር። ይሰማኝ ይሆን ብዬ ዞር ስል ከበሮህ ብቻውን ተቀምጧል።»

አፈረ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ሲጋራዋን የሻይ ሳህኑ ላይ ጣላትና ተነሣ፤ መሣሪያ አይሻገሩትምና ዞሮ ሄዶ በቀኟ በኩል ተቀመጠ።

«ግራውን አንቺ ያዢው። ቀኙን እኔ ልፈልገው፤ ስሳሳት ‹አይደለም› በይኝ።»

ጀመረች። አንዱን መታ። አይደለም። ሌላውን መታ። አይደለም፣ ዝቅ በል። ሦስተኛውን መታና «አይደለም»ን ጠበቀ፤ አልመጣም። በእጁ ጠርዝ አፈነውና ወደሚቀጥለው ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያሉ አምስት አገኙ፤ የቀረው ግን ብዙ ነው።

የአዛኑ ድምፅ ተሰማ። ዋጊማን ስልኩን አነሣ።

«ምን ልበለው? ሁለት ቀን አይበቃኝም እኮ።»

«ልጁን አታምጣ በለው። ምንጣፉን ግን ሰፋ አድርጋችሁ አንጥፉ በለው፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ይሣቅ! ቀሚስ አስለብሰውህ የለ እንዴ፤ ከዚያ አይብስም።»

በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጽፎ ላከ።

«ከመጀመሪያው» አለች ሱሚራህ፤ ግራ እጇም ጀመረ። የዋጊማን እጅ ወደ ኪሱ ተነሣ። መንገድ ላይ ተመለሰና መምቻውን ያዘ።