የአማቴ ቋጠሮ

«ሳበው!» አሉ አማቴ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ማዶ።

የመርፌው ጫፍ ጨርቁን በስቶ ወደ እኔ ብቅ አለ። ሳብኩና ከእንጨቱ በወዲያኛው በኩል አድርጌ መልሼ ሰደድኩላቸው። እሳቸው ክሩን ጠበቅ አድርገው ይቋጥራሉ። ክንፉ ውስጥ የተደረደሩት ቀጫጭን እንጨቶች ጎድን ይባላሉ፤ ጨርቁ ከእያንዳንዱ ጎድን ጋር የሚሰፋው እንዲህ ለሁለት ነው፤ አንድ ሰው ከዚህ፣ አንድ ሰው ከዚያ። ክንፉ በጠርዙ ቆሞ ሳሎኑን ለሁለት ስለከፈለው ከአማቴ የሚታየኝ ከታች ነጠላ ጫማቸው ብቻ ነው።

ራሴ ገጣጥሜ ልበርበት የገዛሁት አውሮፕላን በሰባት ሳጥን ተበታትኖ ነው የመጣው። ሚስቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አኮረፈች፣ በመጨረሻ ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት አስገባችው። እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ላይ ሳወጣ ኖሬያለሁ፤ ሁሌም ግን ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያበቃል። ይህን ስነግራት እናቷን ጠራችልኝ። እናቷ አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፉ ሴት ናቸው። «ከኔ እጅ የወጣ ሱሪ ልጁ ይጠበዋል እንጂ አይተረተርም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

«ካፒቴን!» አሉኝ። ከመሬት አንድ ስንዝር ሳልነሳ ያወጡልኝ ስም ነው። «ተኛህ እንዴ? መርፌውን መልስ እንጂ!»

«መጣ እማማ፣ መጣ!»

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን አንድ ጉድ በሆዴ ይዤ ነው የምሠራው። የአማቴ ዓይን ደክሟል። እሳቸው አፍ አውጥተው አይናገሩትም፤ መነጽሩ ቆሸሸ፣ መስኮቱ ብርሃን ከለከለ ነው የሚሉት። መጀመሪያ የሰፉት ጎድን ላይ አንዱን ቋጠሮ በጣቴ ብነካው ተንሸራተተ። ያ ጨርቅ አየር ላይ ከጎድኑ ቢላቀቅ የምወድቀው እኔ ነኝ። ይህን መናገር ደግሞ እሳቸውን ከዕድሜ ልክ ሙያቸው መሻር ነው፤ አንጀቴ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው አድርሻቸው እመለስና፣ የላሉትን ፈትቼ ራሳቸው ባስተማሩኝ መንገድ እንደገና እቋጥራለሁ። ለሚስቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

«ቆይ እስቲ» አሉ አማቴ።

ነጠላ ጫማቸው ወደ ግራ፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ሰፉት ጎድን ተጠጋ። ጣታቸው ጨርቁ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።

«ይሄ የኔ እጅ አይደለም።»

ክው አልኩ። «እንዴት እማማ?»

«እኔ ክር ስቆርጥ ጥፍር የምታህል ጭራ እተዋለሁ። ይሄ ከሥሩ ነው የተቆረጠው።» ጣታቸው ቀጠለ። «ይሄም። ይሄም።»

እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። ክንፉ ፊቴን ሸፍኖልኝ እንኳ የሚሆን ውሸት ሊመጣልኝ አልቻለም።

«ስንት ፈታህብኝ?»

«ከዚህኛው ጎድን አስራ አንድ። ከሌሎቹም... እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው።»

ወንበሩ ተንቋቋ፤ ተቀመጡ ማለት ነው። እኔ መርፌውን እንደያዝኩ ተገትሬ ቀረሁ። እኚህ ሴት የሰርጌን ሱፍ በገዛ እጃቸው የሰፉልኝ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት በገባሁ ቁጥር «በልተሃል?» የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ያን ሰዓት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ዓይኔ እንደደከመ አላውቅም መሰለህ?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ ጎረቤቴ ናት። ቋጠሮውን ግን እጄ ያውቀዋል ብዬ ተማመንኩ። አንድ ቀን እንኳ መለስ ብዬ የገዛ ቋጠሮዬን ነክቼ አላውቅም፤ ኩራት ነዋ! አንተስ? ለመሆኑ የያዝከው አውሮፕላን መሥራት ነው ወይስ እኔን ማባበል?»

«ሁለቱንም» አልኩ።

ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ዋጥ አደረጉት።

«የኔን አንተ አየህ። ያንተንስ ማን አየው?»

ማንም አላየውም። ተደብቄ የሠራሁትን ሥራ ማን ያየዋል?

ነጠላ ጫማው ተነሳ። «በል ና ወደዚህ!»

በክንፉ ጫፍ ዞሬ አጠገባቸው ቆምኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ከመጀመሪያው ጎድን፣ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ጀመሩ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ፣ በጥፍር ፈልቀቅ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እንዲህ እያሉ ስድስት ቋጠሮ አለፉ። እንደ ተማሪ ትንፋሼን ይዣለሁ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። አለፉት፤ ደግሞ ተመለሱበት። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መቀስ አነሱና ቀጭ!

«ያንተም ላልቷል። ፍታና እንደገና ሥራው።»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ እኮ ጠብቋል...»

«ልጄ ነው የሚወጣበት» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ፍታው አልኩህ!»

ተንበርክኬ መፍታት ጀመርኩ። ከራሴ በላይ መቀሱ እንደገና ቀጭ አለ።