ዳግማር ስትተነፍስ

የእንስሳት ሐኪሟ እርጥብ ጨርቅ በዳግማር ጎን ላይ አነጠፈችና የማዳመጫዋን ጫፍ አሳረፈችበት። ዝም እንድንል በጣቷ ምልክት ሰጠችን። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። አባቴ ግን አላስቻለውም።

«ትንፋሽ ስታስገባ ሳይሆን ስታስወጣ ነው የሚሰማሽ» አላት።

«አባዬ!»

«ምን አልኩ?»

ዳግማር ሰባት ወር የሆናት ትንሽ ዘንዶ ናት፤ ውፍረቷ አውራ ጣቴን ቢያህል ነው። ባለፈው መኸር ገዝቼ ሳመጣት፣ አባቴ ከጉልበት ቀዶ ጥገናው በኋላ እኔ ዘንድ መኖር ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነበር። የአክስቱን ስም ለእባብ በመስጠቴ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ «ገመድሽ» እያለ እንጂ በስሟ አይጠራትም፤ አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልበላ ብላ ነበር። ቆዳዋን ልትቀይር ነው ብዬ ተውኳት። እንዲያውም ቆዳው ቶሎ እንዲለቅላት ብዬ የመስታወት ሳጥኗ ውስጥ ጠዋት ማታ ውኃ እረጭ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጥቁር ዳቦ ላይ የጉበት ቅባት እየቀባሁ ሳለ አባቴ ከሳሎን ጠራኝ። ወንበሩን ስቦ ጆሮውን መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ከኤስቢየርግ ወደብ በሚወጡ መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት የሠራ ሰው ነው።

«ሪከ፣ የዚች ገመድሽ ቫልቭ እያፈሰሰ ነው» አለኝ።

«ቆዳዋን ልትቀይር ስለሆነ ነው።»

«ቆዳ ቀጭ ቀጭ አይልም። ነይ ስሚ።»

ሰማሁ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። አፍንጫዋ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል አረፋ ወጥታለች። ጭንቅላቷን ሽቅብ ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች፤ ያን አቋሟን እኔ ቆንጆ መስሎኝ ለቀናት ፎቶ ሳነሳው ነበር። አባቴ ከወጥ ቤት የሥጋ ሙቀት መለኪያውን አምጥቶ ሳጥኑ ወለል ላይ ሰካው። ሃያ ሁለት ዲግሪ። እኔ በየቀኑ የማነበው፣ ከላይ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው መለኪያ ግን ሠላሳ አንድ ይላል።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። «እውነትዎን ነው፤ ስታስወጣ ነው» አለችው አባቴን። ከዚያ የዳግማርን አፍ በቀጭን እንጨት ቀስ ብላ ከፈተችና በመብራት አየች። «ውስጡ ገና ሮዝ ነው፤ ንፍጡም ቀጭን ነው። ሳንባዋን ጀምሯታል፣ ግን ገና መጀመሪያው ነው።»

«ትድናለች?»

«ሳምንት ቆይታችሁ ብትመጡ የምነግርሽ ሌላ ነበር። እባብ ንፍጡን እንደኛ በሳል አያወጣውም፣ እዚያው ይጠራቀማል። ብዙ ሰው የሚያመጣልኝ እባቡ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ሲጀምር ነው። ያኔ ረፍዷል። ይቺ ግን ትድናለች።»

«እኔ ነኝ ያሳመምኳት» አልኩ።

«ያሳመማት ብርድና እርጥበት ነው። መለኪያውን እሷ የምትተኛበት ቦታ አድርጊው፤ ወለሉን አድርቂው፤ መርጨቱን ተይው። እና በየሳምንቱ መዝኛት። መታመሟን ክብደቷ ካንቺ ቀድሞ ያውቃል።»

አባቴን ለማየት ፈራሁ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደሚለኝ ሳስብ ነበር የመጣሁት።

«እኔም አንድ ጊዜ ሞተር አቃጥያለሁ» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። «ሙቀት መለኪያው ያለቦታው ተገጥሞ። ካፒቴኑ ያለኝን እዚህ ሴቶች ፊት አልደግመውም።»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። መድኃኒቱን በመርፌ ቀድታ ወደ እኔ ዘረጋችው። «በየሦስት ቀኑ ቤት ውስጥ ትወጊያታለሽ፤ የመጀመሪያውን እዚሁ እያየሁሽ። አንድ ሰው ደግሞ ይይዝልሻል።»

ጎረቤቴን ለምናለሁ ልል አፌን ስከፍት አባቴ ወደ ቧንቧው ሄደ። እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ መዳፉን ዘረጋ።

«በያ ወዲህ በያት።»

አስቀመጥኩለት። ትከሻው መጀመሪያ ወደ ጆሮው ወጣ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። «ጡንቻ ብቻ ናት እኮ» አለ።

መርፌውን አስጠጋሁና መልሼ አራቅኩት።

«ቀስ፣ ልጄ። የሚያስቸኩልሽ የለም። ይዣታለሁ።»

ወጋኋት። ዳግማር አንዴ ተሸበለለችና ምላሷን አውጥታ አካባቢውን ቀመሰች። ከዚያ በአባቴ እጅ አንጓ ላይ አልፋ የሹራቡ እጅጌ ውስጥ ገባች። ሐኪሟ ልታወጣት እጇን ሰደደች።

«ተያት፣ ሙቀት ፈልጋ ነው» አለ አባቴ።

ክንዱን አጥፎ፣ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። በሰማያዊው ሹራብ ሥር ቀጭኗ እብጠት ክርኑን አልፋ ቀስ በቀስ ወደ ብብቱ ስትወጣ ይታየናል።