ካርታውን የሚነካው ሰው

መርስዔ ኀዘን ጣና ላይ ከጠፋ ወዲህ ሚስቱ ፍሬ ስብሐት አላለቀሰችም። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ ወንበር ታቀርባለች፣ የሚሉትን ትሰማለች፣ ሲሄዱ በሩን ትዘጋለች። ድንጋጤ ነው አሉ ሰዎች። ተስፋ ስላልቆረጠች ነው ያሉም ነበሩ።

መርስዔ ኀዘን ባሕር ዳር ውስጥ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። እሑድ እሑድ ከሚያውቀው ዓሣ አስጋሪ ታንኳ ተውሶ ሐይቁ ላይ መዋል ይወዳል። በግንቦት አንድ እሑድ እንደ ልማዱ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። ታንኳው ባዶውን ደንገል ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ጠላቂዎች ሲፈልጉ ሰነበቱ፤ አስከሬን ግን አልወጣም።

እናቱ እማማ ወለተ ሩፋኤል ከገጠር መጥተው ምራታቸው ቤት ተቀመጡ። ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም፣ ፍትሐትም አይፈታ፣ ተዝካርም አይውጣ ብለው ካህናቱን መለሱ።

ፍሬ ስብሐት ድረ ገጽ በሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሥራዋ የደንበኞች ገጽ ላይ ታግ መትከል ነው። ታግ ለጎብኚው የማትታይ ትንሽ ኮድ ናት፤ ገጹን የከፈተ ሰው ምን እንደነካ፣ የት ላይ እንደቆየ፣ ከየትኛው ከተማ እንደገባ ታቀብላለች። የሐይቁ ዳር ሆቴሎች እንግዳው የትኛውን ክፍል አይቶ እንደተወው የሚያውቁት እሷ በተከለችው ታግ ነበር። በፋሲካ ሰሞን የተሰበረው የግራ እጇ ጣት አልታጠፍ ስላላት ስትጽፍ ቀስ ትላለች። ከደረጃ ወድቄ ነው ብላ ነበር።

አንድ ቀን አለቃዋን አካሉን፣ ለባሌ የአፋልጉኝ ገጽ ልሥራ ወይ ብላ ጠየቀችው። አካሉ ደስ አለው። ዝም ብላ የከረመች ሴት አንድ ነገር ልታደርግ መነሣቷ ራሱ መልካም ነው አለ። ገጹ ላይ የመርስዔ ኀዘንን ፎቶ፣ የስልክ ቁጥሯንና የሐይቁን ካርታ አደረገች። ታጉን የተከለችው ካርታው ላይ ነው። አካሉ ፎቶውን የረሳችው መስሎት አስታወሳት። ካርታው ይበቃል አለችው።

ገጹ በፌስቡክ ተዳረሰ። ብዙ ሰው ገባ፤ ፎቶውን አይቶ፣ እግዚአብሔር ያገናኛችሁ ብሎ ጽፎ ይወጣል። እሷ ይህን ሁሉ አላነበበችም። ከሥራ ስትመለስ እማማ ወለተ ሩፋኤል ነጠላቸውን ሳያወርዱ በር ላይ ይጠብቋታል።

«ዛሬስ ልጄን ያየ ሰው አለ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

ከዚያ ከጎርጎራ የሚገባ አንድ ስልክ ብቅ አለ። ጠዋት ጠዋት ገጹን ይከፍትና በቀጥታ ወደ ካርታው ይወርዳል። ካርታው ታንኳው የተገኘበትን ቦታ ያሳያል። ይህ ሰው ግን እየጎተተ ከዚያ ራቅ ወዳለ፣ ደንገል ወደከበበው አንድ ጠባብ ጥግ ይወስደዋል። እዚያ ላይ ይቆያል። በመጨረሻ ከካርታው ሥር ያለውን የመደወያ ምልክት ይነካል፤ ጥሪ ግን አይመጣም።

አካሉ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱ ራሱ ቢሆንስ አላት። ካርታውን አጉልታ ጥጉን አየችው።

እማማ ወለተ ሩፋኤል ሲሰሙ መሬት ሳሙ። ልጄ በሕይወት አለ፤ አንድ ነገር አስፈርቶት ተደብቆ ነው አሉ። ያን ቀን እህል ቀመሱ።

ፍሬ ስብሐት በታጉ በኩል ለዚያ ስልክ ብቻ የሚታይ መልእክት አኖረች፦ «የሚያውቁትን መናገር ከፈሩ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ለማንም አይንገሩ።» በማግሥቱ መልስ መጣ። ጎርጎራ ወደቡ ላይ አለበል ብለው ይጠይቁ ይላል። ስሙን ለውጦ ነው አሉ እማማ። አካሉ ፖሊስ ይዘን እንሂድ ቢላት፣ ሰውየው ይሸሻል ብላ ብቻዋን ተነሣች። እማማ መንገዱ ድረስ ሸኟት፤ እመቤቴ ትቅደምልሽ አሏት።

አለበል መርስዔ ኀዘን አልነበረም። ፀሐይ ያጠቆረው ጎልማሳ ዓሣ አስጋሪ ነው። በግንቦት ባሕር ዳር መረብ ሲጥል ቆይቶ ወደ አገሩ ተመልሷል። ወደቡ ዳር ካለው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ አስቀመጣትና ሻይ አዘዘላት።

«እህቴ፣ ባልሽ ያን ቀን ብቻውን አልነበረም» አለ። «እዚያ ጥግ ሲገቡ ሁለት ነበሩ። ስትወጣ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ነበር የምትቀዝፈው። ይህን ለሚስቱ እንዴት ብዬ ልንገር? ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ እተዋለሁ።»

ፍሬ ስብሐት ሐይቁን አየች። ውሃው አይንቀሳቀስም።

«ፊቷን አይተኸዋል?»

«በነጠላ ተሸፋፍና ነበር። ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁ።»

ለሌላ ሰው ነግሮ እንደሆነ ጠየቀችው። ለማንም አልነገርሁም፣ ሚስቱ ሳትሰማ ለሌላ መናገር ነውር መሰለኝ አላት። አመሰገነችው። እሱ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ ሚኒባሱ ቆላ ድባ ላይ ተሳፋሪ ሊጭን ሲቆም ስልኳን አወጣች። ታጉን ነቀለች፤ ቀጥላም ገጹን አጠፋችው። ከዚያ ወደ ቤት ደወለች። ሰውየው ሌላ ሰው ነው፣ ምንም አያውቅም አለቻቸው።

«ተዝካሩን እናውጣ፣ እማማ።»

አሮጊቷ እሺ ልጄ አሉ፤ ከዚያ ለቅሷቸው ተሰማ። ፍሬ ስብሐት እስኪበርድላቸው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ጠበቀች።

ያን እሑድ ሐይቁ ላይ ያያት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፊቷን አላየም።