ሾርባ የቤት ነው

«ቶሎ አማስዪው እማ፣ ይጋግራል!» ይለኛል ልጄ ዩንፋን፣ ትኩሱን ኑድል በወረቀት ሳህን እጄ ላይ አስቀምጦ። የተፈጨው ሰሊጥ ከላዩ ላይ ጭቃ መስሎ ተዘርግቷል። ከባቡር ከወረድኩ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም፤ ወገቤ ሌሊቱን ወንበር ላይ ሲቆረጥ አድሯል። ግን ቆሜ ነው የምበላው። በውሃን ከተማ ጠዋት ጠዋት ተቀምጦ የሚበላ የለም።

«የምን መቆም ነው? ቤትህ ወንበር የለም?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ቀለም እየተቀባ ነው። ሽታው ይከብድሻል።»

«ሠላሳ ዓመት የአሳማ ጋጣ የጠረግኩ ሴት ቀለም ይከብደኛል?»

ይስቃል፣ ከአንገት በላይ። ዩንፋን ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁለታችንም እናውቃለን።

የዛሬ ስድስት ዓመት ሚስቱ ሊንግ ስትወልድ፣ እንደ ዛሬው ሌሊቱን ተጉዤ ሆስፒታል ደረስኩ። ሴት ናት አሉኝ። «ይቺን ለማየት ነው እንዴ ከተራራ ወርጄ እዚህ ድረስ የለፋሁት?» አልኩ። ሊንግ አልጋው ላይ ሆና ሰማችኝ። ልጅቷን ሳልታቀፍ በዚያው ቀን ወደ አገሬ ወደ ኤንሺ ተመለስኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ብልክ፣ ሰው ብልክ፣ ሊንግ ደጄን አትረግጥም እንዳለች ናት። ባለፈው ሳምንት ልጄ ደውሎ «እሑድ ነይ፣ ከተማውን ላሳይሽ» ሲለኝ፣ ታረቀችኝ ብዬ መንደሩን ሁሉ በደስታ አዳረስኩት።

የእንቁላልና የሩዝ ቂጣ ወደሚጠበስበት ይጎትተኛል። ጠባሿ እንደ በር የሰፋች ሴት ናት።

«ውስጡ ምን አለበት?» እላታለሁ።

«ያየሽው አለበት! ትበያለሽ ወይስ ትመረምሪኛለሽ? ዞር በይ እናት፣ ዘይቱ ይፈናጠርብሻል!» ትልና ከሌሎቹ ተለቅ ያለውን ቆርጣ ትሰጠኛለች። የዚህ ከተማ ሰው ሲወድህም እየሰደበህ ነው።

ዩንፋን ቂጣውን አይነካም። ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያያል፣ መልሶ ይከታል፣ ደግሞ ያወጣል። ወንዙ ወዳለበት ታጥፈን አንዲት ጠባብ ሱቅ ስንደርስ በርጩማ ስቦ ያስቀምጠኝና፣ «አሁን ደግሞ ሾርባ» ይላል። የአሳማ ጎድን ሎተስ ከሚባለው የኩሬ አበባ ስር ጋር የተቀቀለበት ሾርባ በሸክላ ሳህን ይቀርብልኛል።

ማንኪያው እጄ ላይ ይቀራል። በኛ አገር ቁርስ ደጅ ይበላል፣ ማንም አይቀየምም። ይሄ ሾርባ ግን የቤት ነው። እንግዳ የሚመጣ ቀን ሌሊቱን በሸክላ ድስት ተጥዶ ያድራል፤ እናት ስትመጣ ይቅርና አማች ሲመጣም ይጣዳል። ልጄ ሾርባዬን ከሱቅ ገዛልኝ። ከተማውን ላሳይሽ አለ እንጂ ቤቴን ላሳይሽ መች አለ?

«የመመለሻ ባቡሬ ስንት ሰዓት ነው?»

ጆሮው ይቀላል። «አራት ሰዓት። ቆርጬልሻለሁ፣ በመስኮት በኩል ነው።»

«ሊንግ መምጣቴን ታውቃለች?»

«ቁርስ ልግዛ ብዬ ነው የወጣሁት።»

በማን ልቆጣ? እሱ እንኳ ሰርቆ ነው ያየኝ። ሾርባውን እጠጣለሁ። የሚጥም መሆኑ ይበልጥ ያናድደኛል።

ስልኩ ይጮኻል። ሳያስበው የቪዲዮ ጥሪውን ሲከፍተው የሕፃን ፊት ብቅ ይላል። ኒንኒን ናት፣ የልጅ ልጄ። የፊት ጥርሷ ወልቋል። አገጯ የኔው አገጭ ነው፣ ቁርጥ የኔው።

«አባ! በረሃብ ሞትን እኮ! ስንዴውን ልትዘራ ነው እንዴ የሄድከው?»

«መጣሁ፣ መጣሁ፣ ሰልፍ ነው።»

«ከጎንህ ያለችው ማናት?»

ዩንፋን ወደኔ አይዞርም። «ሾርባ የምትሸጠው ናት» ይላል።

ሳህኑን ጭኔ ላይ አስደግፈዋለሁ። «አያትሽ ነኝ» ብል ማን ይከለክለኛል? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ይሄ አፍ አንዴ ተናግሮ ያመጣብኝን አውቀዋለሁ፤ አሁን ደግሞ የልጄን ትዳር ሊበጠብጥብኝ ነው። ወደ ስልኩ ጠጋ እላለሁ።

«ምን ልስጥሽ የኔ እመቤት?»

«ስጋ ብቻ! የሎተስ ስር አልወድም!»

«እሺ፣ ስጋ ብቻ።»

«ብዙ አድርጊበት እሺ? እንዳትሰስቺ!»

«ለአንቺ አልሰስትም።»

ከጀርባዋ የሊንግ ድምፅ ይሰማል፤ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከሾርባ ሻጯ ጋር! ጥሩ ሴትዮ ናት!»

ስልኩ ይዘጋል። ልጄ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማ፣ እኔ...» ይላል።

«ሂድ ግዛላት። ርቧታል።»

ባለሱቁ ሾርባውን በላስቲክ ዕቃ ሞልቶ ያመጣል። ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት እቀበለውና በመብያ እንጨቶቼ የሎተስ ስሩን አንድ በአንድ ወደ ሳህኔ እለቅማለሁ። ዩንፋን ቆሞ ይጠብቀኛል። ስጋ ብቻ ሲቀር ክዳኑን አጥብቄ እገጥምና እሰጠዋለሁ። እሱ ሰዓቱን እያየ ይጣደፋል፤ እኔ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ከልጅ ልጄ ሾርባ የተረፈውን የሎተስ ስር እበላለሁ።