መቶ አንድ እና መቶ ሁለት

በብረት በርና መስኮት ሥራ ቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም የወንድማማቾቹ አክስት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጠረጴዛው በስተግራ የታላቅየው ክፍል አለ፣ በስተቀኝ የታናሽየው። ታላቅየው ዋጋ ያወጣል፣ ብረት ይገዛል፤ ታናሽየው ያስቆርጣል፣ ያስበይዳል። ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። ከአንዱ በር እስከ ሌላው አሥራ አራት እርምጃ ነው። የምቆጥረው ለምዘረጋው የስልክ ገመድ ርዝመት ነው፤ እርምጃው ግን የአክስታቸው ነው።

"ያን ድንጋይ ራስ በይው" ይላል ታላቅየው ለአክስቱ፣ እኔ ገመድ ስዘረጋ። "የትናንቱ በር ጠሟል። ዓይኑን ይመርመር።"

አሥራ አራት እርምጃ። "ወንድምህ እንዴት አደርክ ብሎሃል። የትናንቱን በር አንዴ ብታየው ደስ ይለኛል ብሏል።"

"እሱ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋ። በር የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ በይው።"

አሥራ አራት እርምጃ። "እግዜር ያክብርልኝ ብሏል። ያየዋል።"

ባለፈው ወር አንድ ክሊኒክ የሠላሳ መስኮት ሥራ ይዞ ደውሎ ነበር። ዋጋ ጠየቀ፤ አክስታቸው ወደ ግራ ሄዱ። የማስረከቢያ ቀን ጠየቀ፤ ወደ ቀኝ ሄዱ። ሲመለሱ ደዋዩ ዘግቷል። በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ እንድተክል የተጠራሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የአንድ ሆቴል ዕቃ ገዢ ስለ ስልሳ አራት መስኮት ይደውላል። ይሄም ካመለጠ ከበያጆቹ ግማሹ ይሰናበታሉ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ እጨርሳለሁ። የውስጥ ቁጥራቸው፦ አክስታቸው መቶ፣ ታላቅየው መቶ አንድ፣ ታናሽየው መቶ ሁለት።

"ደንበኛ በአንድ ቁጥር ይደውላል፣ ሦስታችሁም ባላችሁበት ሆናችሁ ታነጋግሩታላችሁ" እላለሁ። "መስመር ተይዟል ብሎ ነገር የለም። ደዋይን ማቆየት ይቻላል። እያንዳንዱ ጥሪ በሰከንድ ይመዘገባል።"

"መመላለሱስ?" ይላሉ አክስታቸው።

"ቀረልዎት፣ እትዬ።"

ጉልበታቸውን ያሻሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም።

አሥር ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ይጠራል። አክስታቸው እንዳሳየኋቸው ሁለቱንም ያገናኛሉ። እኔ የድምፁን ጥራት ለመፈተሽ ማዳመጫ አጥልቄያለሁ። ጥርት ያለ ነው።

"ስልሳ አራቱ መቼ ይደርሳሉ?" ይላል ገዢው።

"ወንድሜን ይጠይቁልኝ" ይላል ታላቅየው።

"መስመር ላይ አይደሉም እንዴ?"

"ነው። ግን ይጠይቁልኝ።"

ገዢው ጉሮሮውን ይጠርጋል። "መቼ ይደርሳል ይላሉ፣ ወንድምዎ።"

"በአምስት ሳምንት። ብረቱን በጊዜ ከገዛ ነው ብሏል ይበሉልኝ።"

"ብረቱን በጊዜ ከገዙ ነው ብለዋል።"

"ብረት መግዛት የሚያስተምረኝ እሱ ነው ወይ ይበሉልኝ።"

"ስሙ እንጂ፣ ወንድሞች" ይላል ገዢው። "እኔ የምፈልገው መስኮት ነው። በአራት ሳምንት ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ቤት እደውላለሁ።"

የማቆያውን ቁልፍ እጫናለሁ። ገዢው ሙዚቃ ይሰማል። ወንድማማቾቹና አክስታቸው ግን መስመሩ ላይ ናቸው።

"ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ እያልክ ትልካለህ" ይላል ታናሽየው ለወንድሙ፤ "ሰው ፊት ሲሆን ግን ታዋርደኛለህ።"

"እኔ? መቼ ላኩ?"

"በየቀኑ ነዋ።"

"እግዜር ያክብርልኝ እያልክ የምትልክ አንተ አይደለህ?"

"ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።"

አርባ አንድ ሰከንድ አልፏል። አክስታቸው ማዳመጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"አክስቴ" ይላል ታላቅየው፤ "መስመር ላይ አለሽ?"

"የለሁም" ይላሉ።

"አክስቴ!"

"ጉልበቴን ታውቁታላችሁ። ከባድ ነገር ተሸክሜ አሥራ አራት እርምጃ አልችልም። ስድቡን መንገድ ላይ እየጣልኩ ነው የምደርሰው። ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይገባም፤ በምትኩ ሰላምታ እይዛለሁ።"

"ስንቱን ነው የጣልሽው?"

"ለቅመህ ብትክበው አጥር ይወጣዋል።"

ከመቶ ሁለት በኩል ትንፋሽ የሚመስል ነገር ይሰማል። የድምፅ መለኪያው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይወጣል። ሳቅ ነው።

"ሠላሳ ሰከንድ ቀርቷል" እላለሁ። መናገር አልነበረብኝም።

"ብረቱ ነገ ቢመጣስ?" ይላል ታላቅየው።

"ማንን ነው የምትጠይቀው?"

"አንተን።"

"ነገ ካመጣህልኝ አራት ሳምንት ይበቃኛል።"

በአንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ገዢውን እመልሰዋለሁ። "በአራት ሳምንት" ይላሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

"ነገ ውሉን ይዤ እመጣለሁ" ይላል ገዢው። "ስትፈርሙ ግን መሀል አታስቀምጡኝ።" ይዘጋል።

መቶ አንድ አይዘጋም። መቶ ሁለትም አይዘጋም።

"በሩ ግን ጠሟል" ይላል ታላቅየው።

"አልጠመመም። የጠመመው ግድግዳው ነው።"

አክስታቸው ከልማድ ይነሳሉ፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ማዳመጫዬን አወልቃለሁ፤ የሰው ጉዳይ ነው። መሣሪያዬን ሸክፌ ስጨርስ መዝገቡን አያለሁ። ከመቶ አንድ ወደ መቶ ሁለት፦ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ፤ አራት ጊዜ ድምፁ ቀዩን መስመር አልፏል፤ ሰዓቱ ገና እየቆጠረ ነው።