የሴት ሰማንያ

በስልክ የተገዛ እንስሳ በአርባ ቀን ውስጥ ስም ካልወጣለት እንደ ተጣለ ተቆጥሮ ለሻጩ ይመለሳል። አንዴ የተመዘገበ ስም ደግሞ አይለወጥም። ሕጉ የጸደቀው ምክር ቤቱን ሁለት ዓመት ሙሉ አከራክሮ ነው።

በአርባ አንደኛው ቀን ተቆጣጣሪው ኪሩቤል የሽቦ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ቡችላ በስልክ ወደ ገዙት ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ቤት መጣ።

«እማማ፣ ስም ሲጠራ የሚያዳምጠው የቡችላዋ የአንገት ቀበቶ እስከ ዛሬ አንድም ስም አልሰማም።»

«ሴት አይደለች እንዴ ልጄ? አርባማ ለወንድ ነው፤ የሴት ሰማንያ ነው!»

«ክርስትና ሊያስነሷት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ በል! ስም ግን ወግ አለው።» ለሰማንያኛው ቀን ያዘጋጁትን ትንሽ ምንጣፍ አውጥተው ዘረጉለት። መሀሉ ላይ በቀይ ክር «ደርባባ» ተብሎ ተጠልፏል።

ኪሩቤል ራሱን አከከ። «እንግዲያው በስሟ ይጥሯት። ከመጣች እዚሁ ትቀራለች።»

«ደርባባ!»

ቡችላዋ ጆሮዋን እንኳ አላቆመችም። ስሙን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ኪሩቤል የሳጥኑን በር ከፈተ።

«ኧረ አንቺ!» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

ቡችላዋ ተስፈንጥራ ጉያቸው ገባች።

ኪሩቤል ሳጥኑን ዘጋና መዝገቡ ላይ «ስም፦ አንቺ» ብሎ ጽፎ ሄደ።

ወይዘሮ የሺመቤት መነጽራቸውን አደረጉና፣ አንቺን ጭናቸው ላይ እንዳስተኙ፣ ቀዩን ክር መተርተር ጀመሩ።